«ሙዥ» ባል ነው ወይስ ወንድ? አንድ ቃል በስላቭ ቋንቋዎች መካከል

ጥያቄ፦ «ሩሲያኛ ስማር ‹ሙዥ› ባል፣ ‹ሙሺና› ወንድ፣ ‹ቺላቬክ› ሰው እንደሆነ ነው የያዝኩት። አሁን አብራኝ የምትሠራ ዩክሬናዊት ስለ ባሏ ስታወራ ‹ሚይ ቾሎቪክ› ትላለች፤ ለእኔ ‹የእኔ ሰው› ያለች ይመስለኛል። ፕራግ (ቼክ) የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ ‹ሙዥ ማለት እኮ ወንድ ነው› ይለኛል። ቃሉ አንድ ነው ወይስ የተለያየ? ቅጽ ስሞላና የማላውቀውን ሰው ስጠራስ የትኛውን ልጠቀም?»

ምላሽ፦ እርስዎም ወንድምዎም ልክ ናችሁ። «ሙዥ» በስላቭ ቋንቋዎች ሁሉ ከአንድ ምንጭ የወረደ አንድ ቃል ነው። የሚለያዩት አጠገቡ የቆሙት ቃላት ናቸው። እኛ «ሰው»፣ «ወንድ»፣ «ባል» ብለን ሦስቱን ነገር በሦስት ቃል ለይተን ስለምንናገር ሌላውም እንደኛ የለየ ይመስለናል። የጥንቱ ስላቭ ግን ለወንድና ለባል አንድ ቃል ብቻ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቋንቋ ክፍተቱን በራሱ መንገድ ሞላ። ስለዚህ «ሙዥ ምን ማለት ነው?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ቋንቋ ወንድን ለብቻው የሚጠራ ሌላ ቃል አለ? ባልን ለብቻው የሚጠራስ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ለዚህ መልሱን ካወቁ የ«ሙዥ» ትርጉም ራሱ ይወጣል።

ወደ ዝርዝሩ ሳልገባ ስለ አነባበብ አንድ ነገር። ቃላቱን በተቻለ መጠን እንደሚሰሙት ጽፌአቸዋለሁ፤ የቃል መጨረሻ ላይ ያለውን «ዥ» ግን እንደ አጻጻፉ ትቼዋለሁ። በሩሲያኛ፣ በቤላሩስኛ፣ በፖላንድኛ፣ በቼክኛ፣ በስሎቫክኛ፣ በስሎቬንኛ፣ በቡልጋርኛና በመቄዶንኛ ይህ «ዥ» መጨረሻ ላይ ሲውል «ሽ» ሆኖ ይነበባል፤ ሩሲያዊ «ሙሽ» ነው የሚለው። ዩክሬንኛ፣ ሰርብኛና ክሮኤሽያኛ ግን «ሙዥ» ብለው እስከ መጨረሻው ያሰሙታል። አናባቢ ሲከተለው «ዥ» በሁሉም ዘንድ ይመለሳል፦ «ሙዣ»፣ «ሙዡ»።

የጥንቱ ቅርጽ «ሞንዥ» ዓይነት ነበር፤ «ሞ» የሚለው በአፍንጫ የሚወጣ ሲሆን «ን» ራሱን የቻለ ድምፅ አልነበረም። የጀርመንኛው «ማን»ና የሳንስክሪቱ «ማኑ» የሩቅ ዘመዶቹ ናቸው። ወንድንም ባልንም በአንድ ቃል መጥራት የስላቭ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ጀርመናዊት ዛሬም «ማይን ማን» ስትል ባሌ ማለቷ ነው። ለእኛም ቢሆን እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በግእዝ «ብእሲ» ወንድም ባልም፣ «ብእሲት» ሴትም ሚስትም ነው። መዝሙረ ዳዊት በግእዝ «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ብሎ ሲጀምር የስላቮቹ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ «ብላዤን ሙዥ» ብሎ ይጀምራል። በሁለቱም ቦታ ባል አልተባለም፤ ሰውየው ነው የተባለው። የምሥራቅ ስላቮች የጥንት መንግሥት የነበረው የኪየቭ ሩስ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ «ሩስካያ ፕራቭዳ»ም የመጀመሪያውን አንቀጽ «ሙዥ ሙዣን ቢገድል» በሚል ይከፍትና ደሙን ማን እንደሚመልስ ከዘረዘረ በኋላ፣ የሚበቀል ከሌለ 40 ግሪቭና (የዘመኑ ገንዘብ) ይከፈል ይላል። እዚያም «ሙዥ» ነፃ የሆነ፣ ክብር ያለው ወንድ ነው።

ያ የአፍንጫ አናባቢ ከዋና ዋናዎቹ የጽሑፍ ቋንቋዎች በፖላንድኛ ብቻ ቀረ። በሌሎቹ እየተለወጠ ሄደ፤ አለዋወጡ ግን ሥርዓት አለው። በሩሲያኛ፣ በዩክሬንኛ፣ በቤላሩስኛ፣ በቼክኛ፣ በስሎቫክኛ፣ በሰርብኛና በክሮኤሽያኛ «ኡ» ሆነ፦ «ሙዥ»። በስሎቬንኛ «ኦ» ሆነ፦ «ሞዥ»። በመቄዶንኛ «ኣ» ሆነ፦ «ማዥ»። በቡልጋርኛ ደግሞ ከእኛ ግዕዝ ፊደል («መ»፣ «ረ») ድምፅ ጋር የሚቀራረብ ሆነ፦ «መዥ»። ይህን ድምፅ ብዙ የውጭ ተማሪዎች ለማውጣት ይቸገራሉ፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ከአፉ አያጣውም። ሥርዓቱን ለመያዝ «እጅ» የሚለው ቃል ይበቃል፦ ሩሲያኛ «ሩካ»፣ ስሎቬንኛ «ሮካ»፣ መቄዶንኛ «ራካ»፣ ቡልጋርኛ «ረካ»፣ ፖላንድኛ «ሬንካ»። በአምስቱም የሚቀየረው የመጀመሪያው ፊደል ነው። «ጥርስ»ም እንዲሁ ነው፦ «ዙብ»፣ «ዞብ»፣ «ዛብ»፣ «ዘብ»፣ «ዞንብ»።

ፖላንድኛ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ቃሉ ብቻውን «ሞንዥ» ሲሆን፣ ሲረባ ግን «ሜንዣ»፣ «ሜንዦቪ»፣ «ሜንዤም» ይሆናል። ድሮ አናባቢው ረጅምና አጭር ነበረ፤ ረጅሙ ወደ «ኦን»፣ አጭሩ ወደ «ኤን» ሄደ። ባዶው ቃል መጨረሻው ላይ የነበረችውን ደካማ አናባቢ ሲጥል የፊተኛው ረዘመ፤ ቅጥያ ያለው ግን አጭር ሆኖ ቀረ። ጀማሪ «ሞንዣ» ብሎ የሚሳሳተው ይህን ሳያውቅ ነው።

አሁን ወደ ትርጉሙ። ሩሲያኛ «ሙዥ»ን ወደ ቤት አስገብቶ ባል አደረገውና ለወንድ ሌላ ቃል አበጀ፦ «ሙሺና»። ሲጻፍ «ዥ»ና «ች» ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ሲነገር ግን ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ረጅምና ለስላሳ «ሽ» ይሆናሉ። «ሙዥ-ቺና» ብለው አይክፈሉት። ቃሉ ሲጀመር የአንድ ሰው ስም አልነበረም፤ «የወንድ ወገን» የሚል የጥቅል ስም ነበር። በ«ኣ» የሚጨርሰው ለዚህ ነው። አረባቡ እንደ ሴት ስም፣ ቅጽሉ ግን እንደ ወንድ ነው፦ «ኾሮሺ ሙሺና» እንጂ «ኾሮሻያ ሙሺና» አይባልም። የፖላንዱ «ሜንሽችዝና»ም በዚሁ መንገድ የመጣና በነጠላ እንዲሁ የሚረባ ነው፤ በብዙ ቁጥር ግን «ሜንሽችዥኒ» ብሎ ሙሉ በሙሉ ወደ ወንድ ረድፍ ይገባል። ሰርብኛና ክሮኤሽያኛ «ሙሽኪ» ከሚለው ቅጽል «ሙሽካራትስ»ን ሠሩ። ስሎቬንኛ ደግሞ ቅጽሉን ራሱን ስም አድርጎ «ሞሽኪ» አለ፤ ስለዚህም እንደ ቅጽል ይረባል፦ «ሞሽኬጋ»። አራት ቦታ፣ አንድ ዓይነት መፍትሔ፦ «ሙዥ» ለባል ሲሰጥ ከራሱ ሥር ለወንድ አዲስ ቃል ወጣ።

አሮጌው ትርጉም ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ከፍ ባለ አነጋገር ውስጥ ይኖራል። የፖላንዱ «ሞንዥ ስታኑ» የመንግሥት ሰው፣ ታላቅ ፖለቲከኛ ማለት ነው፤ «የመንግሥት ባል» ብሎ የሚተረጉም አለ፣ ስሕተት ነው። ሩሲያኛ ልዩነቱን በብዙ ቁጥር ያሳያል፦ «ሙዥያ» ባሎች፣ «ሙዢ» ደግሞ የተከበሩ ወንዶች፣ ሊቃውንት። አንዱን በሌላው ቦታ መክተት ዐረፍተ ነገሩን ያበላሻል። «ሙዢክ» የሚለውም ከዚሁ ነው። ማሳነሻ ቅጥያ ያለበት፣ መጀመሪያ ዝቅ ያለውን ወንድ፣ በኋላም ገበሬውን የሚጠራ ቃል ነበር። ዛሬ በሰፈር አነጋገር «ወንድ ልጅ ነው!» ዓይነት ሙገሳ ሊሆን ይችላል፤ በማያውቁት ሰው ላይ ግን አይጠቀሙበት።

ቼክኛና ስሎቫክኛ ተቃራኒውን አደረጉ፤ «ሙዥ» ወንድ ሆኖ ቀረ፣ ለባል «ማንዠል» የሚባል ሌላ ቃል ቆመ። ወንድምዎ ልክ የሆኑት ለዚህ ነው። ቢሆንም ቼካዊት በዕለት ንግግሯ «ሙይ ሙዥ» ስትል ባሌ ማለቷ ነው፤ «የእኔ» የሚለው ቃል ትርጉሙን ይወስነዋል። «ማንዠል» ደግሞ አስደሳች ታሪክ አለው። ጥንት «ማልዠና» የሚል፣ ባልና ሚስትን እንደ ጥንድ በአንድ ቃል የሚጠራ ስም ነበር። ሁለተኛው ክፍል «ዠና»፣ ሴት ወይም ሚስት ነው። የመጀመሪያውን አብዛኞቹ ሊቃውንት ከጥንታዊ ጀርመንኛው «ማሃል»፣ የጉባኤና የውል ቃል፣ ጋር ያያይዙታል፤ ያልተስማሙም አሉ። ከዚያ ጥንድ ቃል ቼኮች ነጠላውን «ማንዠል» ባል፣ «ማንዠልካ» ሚስት ብለው ቆረጡ፤ ፖላንዶች «ማውዦኔክ»ንና «ማውዦንካ»ን አገኙ፤ በጀርመን ላውዚትስ የሚኖሩት ሶርቦችም «ማንጄልስኪ» ይላሉ።

ቡልጋርኛና መቄዶንኛ ምንም አልለዩም፤ «መዥ»ና «ማዥ» እስከ ዛሬ ሁለቱንም ናቸው። የሚለየው ሰዋስው ነው። ቡልጋርኛ የቅርብ ዘመድ ስም ላይ «የእኔ» ሲጨምር ብዙ ጊዜ አመልካቹን ቅጥያ (እንደ እኛ «ቤቱ» መጨረሻ ያለውን) ይተወዋል፦ «ማይካ ሚ» እናቴ፣ «ዠና ሚ» ሚስቴ። «መዥ» ላይ ግን ቅጥያው ግድ ነው፦ «መዠት ሚ» ባሌ። በጽሑፍ ቋንቋው ሥርዓት «መዥ ሚ» አይባልም። ድንበር ተሻግረው የመቄዶንያ ዋና ከተማ ስኮፕዬ ሲደርሱ ግን ትክክሉ «ማዥ ሚ» ነው፣ ያለ ቅጥያ። ሁለቱን ቋንቋ የሚያቀላቅል ሰው የሚያዘው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ባልደረባዎ እንመለስ፤ የዩክሬንኛው መንገድ ከሁሉም ይልቅ የራቀ ነውና። ሌሎቹ «ሙዥ»ን ሲያብላሉ ዩክሬንኛ «ሰው» የሚለውን ቃል ወደ ታች አወረደው። «ቾሎቪክ» የሩሲያኛው «ቺላቬክ»፣ የፖላንዱ «ችዎቭዬክ»፣ የቼኩ «ችሎቭዬክ»፣ የቡልጋሪያው «ቾቬክ» ወንድም ነው፤ እነዚህ ሁሉ ሰው ማለት ናቸው። በዩክሬንኛ ግን መጀመሪያ ወንድ፣ ከዚያም ባል ሆነ። ለ«ሰው» የተረፈውን ቦታ «ልዩዲና» ያዘው፤ «ልዩዲ» (ሰዎች) ከሚለው የተገኘ ነጠላ ነው። «ሙዥ» ደግሞ በጽሑፍ ዩክሬንኛ ከፍ ላለ አነጋገር ቀረ። እንዲህ ያለው መንሸራተት ሌላ ቦታም አለ፤ በሰርቢያና በክሮኤሽያ ገጠሮች ሴቶች «ሞይ ቾቬክ» ወይም «ሞይ ቾቭዬክ» ብለው ባላቸውን ይጠራሉ። የዩክሬንኛው ልዩነት ነገሩ የጽሑፍ ቋንቋው ሥርዓት መሆኑ ነው።

ስለዚህ «ሚይ ቾሎቪክ» ያለ ጥርጥር ባሌ ነው። በሩሲያኛ «ሞይ ቺላቬክ» ቢሉ ግን «የእኔ ሰው»፣ ማለትም የምተማመንበት፣ ከእኔ ወገን የሆነ ሰው ይሆናል፤ ባል አይሆንም። «ሞይ ሙሺና»ም ባል አይደለም፣ የፍቅር ሰው ነው። «ሞይ ማላዶይ ቺላቬክ» ደግሞ የወንድ ጓደኛ (የፍቅር) ነው። በዩክሬንኛ ሌላ ወጥመድ ቁጥር ላይ አለ፦ «ፒያት ቾሎቪክ» አምስት ሰው ነው፣ ሴትም ወንድም ቢሆን፤ «ፒያት ቾሎቪኪው» ግን አምስት ወንዶች ወይም አምስት ባሎች። አንዲት ቅጥያ ብቻ ናት የምትለያቸው፤ የስብሰባ ወይም የሆስፒታል ወረቀት የሚተረጉም ሰው እዚህ ላይ ቆም ይበል። ሚስትም በዩክሬንኛ «ድሩዢና» ናት፤ ይኸው ቃል በሩሲያኛ የመስፍን የጦር አጃቢ ጭፍራ ስለሆነ ሩሲያኛ የሚያውቅ ሰው ሲሰማው ይደናገራል።

ስለ ጋብቻ የሚነገረው ግሥ ደግሞ አሮጌ ነገር ደብቆ ይዟል። ሩሲያዊት ስታገባ «ቪይቲ ዛሙዥ» ትላለች፣ ቃል በቃል «ከባል ኋላ መውጣት» ነው። በዛሬው ሰዋስው ቢሆን ተሳቢው «ዛ ሙዣ» መባል ነበረበት፤ ሕይወት ያለው ወንድ ስም ተሳቢ ሲሆን የአገናዛቢውን ቅርጽ ይወስዳልና። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ ላይ እንኳ ተገዳዩ «ሙዣ» ተብሎ ተጽፏል። «ዛሙዥ» ግን ከዚያም የቀደመውን፣ አድራጊና ተሳቢ አንድ ቅርጽ የነበራቸውን ዘመን ጠብቆ ቀረ። ፖላንዶችም «ቪይሽች ዛ ሞንዥ» ይላሉ፣ «ዛ ሜንዣ» አይሉም። ወንዱ ሲያገባ ግሡ ሌላ ነው፣ ከ«ዠና» የወጣ፦ ሩሲያኛ «ዠኒትሳ»፣ ፖላንድኛ «ኦዤኒች ሼ»። ወንድ «ያ ዛሙዠም» ካለ «እኔ ባል ያለኝ ነኝ» ማለቱ ይሆናል፤ አማርኛ «አግብቻለሁ» ለሁለቱም ስለሚሠራ የእኛ ሰው ይህን ስሕተት በቀላሉ ይሠራዋል። «ዛሙዥ» ድርጊቱን፣ «ዛሙዠም» ሁኔታውን እንደሚናገሩም ይለዩ፦ «ቪሽላ ዛሙዥ» አገባች፣ «ኦና ዛሙዠም» ባለትዳር ናት።

ቅጽ ላይ «የጋብቻ ሁኔታ» ሲጠየቁ እነዚህን ይፈልጉ፤ ፊተኛው ለወንድ፣ ኋለኛው ለሴት ነው፦
ሩሲያኛ፦ «ዠናት»፣ «ዛሙዠም»
ዩክሬንኛ፦ «ኦድሩዤኒ»፣ «ኦድሩዤና» ወይም «ዛሚዥንያ»
ፖላንድኛ፦ «ዦናቲ»፣ «ዛሜንዥና»
ቼክኛ፦ «ዠናቲ»፣ «ቭዳና»
ሰርብኛ፦ «ኦዠንየን»፣ «ኡዳታ» (ክሮኤሽያኛ «ኡዳና»)
ስሎቬንኛ፦ «ፖሮቼን»፣ «ፖሮቼና»
ቡልጋርኛ፦ «ዠነን»፣ «ኦመዠና»
የቼኩ «ቭዳና»ና የሰርቡ «ኡዳታ» «የተሰጠች» ከሚል ግሥ የመጡ ናቸው፤ «ሙዥ» ውስጣቸው የለም።

የትዳር ጓደኛ ስም በሚጻፍበት ረድፍ ላይ በሩሲያኛ «ሱፕሩግ» የሚለውን ያገኛሉ፤ ሴት ከሆነች «ሱፕሩጋ»። በቡልጋርኛ «ሰፕሩግ»፣ በሰርብኛና በክሮኤሽያኛም «ሱፕሩግ» ነው። ሥሩ አብረው የተጠመዱ፣ በአንድ ቀንበር ያሉ ማለት ነው። አጠቃቀሙ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። አማርኛ ውስጥ «ባለቤቴ» ማለት የራስን የትዳር ጓደኛ በአክብሮት መጥራት ነው። በሩሲያኛ ግን አክብሮቱ ለሌላው ሰው ባል ነው፦ «ቫሽ ሱፕሩግ» (የእርስዎ ባለቤት) ያምራል፣ «ሞይ ሱፕሩግ» ግን ራስን ማግነን ይመስላል፤ ስለራስዎ «ሞይ ሙዥ» ይበሉ። የፖላንድ የቋንቋ መምህራንም «ሙይ ማውዦኔክ» የሚሉትን ያርማሉ፤ ስለራስ «ሙይ ሞንዥ»፣ ስለሌላው ሰው «ማውዦኔክ»። ሰርብኛና ቡልጋርኛ እዚህ ላይ ልል ናቸው፤ ስለራስ ባልም «ሱፕሩግ» ቢሉ ማንም አይታዘብም።

የማያውቁትን ወንድ ለመጥራት ከነዚህ ቃላት አንዱንም አይጠቀሙ ብል ይቀለኛል። በሩሲያ ወረፋ ላይ «ሙሺና!» ሲባል ይሰማሉ፤ ብዙ ሰው ግን ጨዋነት የጎደለው ነው ይለዋል። «ኢዝቪኒቴ» (ይቅርታ) ብሎ መጀመር ወይም ጎልማሳም ቢሆን «ማላዶይ ቺላቬክ» ማለት ይሻላል። በፖላንድ «ፕሮሼ ፓና»፣ በቼክ «ፓኔ»፣ በዩክሬን «ፓኔ»፣ በሰርቢያና በቡልጋሪያ «ጎስፖዲኔ» ይባላል።

የሽንት ቤት በር ላይ ደግሞ በሩሲያ፣ በቡልጋሪያና በሰርቢያ «ም» የወንድ፣ «ዥ» የሴት ፊደል ነው። በዩክሬን የወንዱ ፊደል «ች» ነው፣ ከ«ቾሎቪክ» የመጣ፤ «ም» ፍለጋ አይዙሩ። በፖላንድ ብዙ ቦታ ፊደልም የለም፤ ሦስት ማዕዘን ለወንድ፣ ክብ ለሴት ነው።